ሳሎናችን ውስጥ ያለው «የጣና ገዳም» ሥዕል፣ እውነት ጣና ነው?

ሽምብጥ ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። አያቴ ቤት ሳሎን ውስጥ አንድ የቆየ ሥዕል አለ። ከተወለድኩ ጀምሮ እዚያው ግድግዳ ላይ ነው። በጥቁር ቀለም ብቻ የታተመ ነው፤ ቀጫጭን መስመር ብቻ ነው። ቤተሰቡ በሙሉ «የጣናው ገዳም» ነው የሚለው። ባለፈው ሳምንት ቤቱ ቀለም ሲቀባ አወረድነው። ለመጀመሪያ ጊዜ አቧራውን ጠርጌ ቀረብ ብዬ አየሁትና ግራ ገባኝ።

የሚታየውን ልንገራችሁ። መሃል ላይ ውሃ አለ። ከውሃው ውስጥ ገደል የሆነ ድንጋይ ቀጥ ብሎ ወጥቷል። አናቱ ላይ ክብ ነጭ ቤት አለ፤ ዙሪያውን ዓምድ ነው፣ ጣሪያው ድቡልቡል። ወደ ድንጋዩ የሚያሻግር የተንጠለጠለ ድልድይ አለ። በጠመዝማዛ መንገድ ሰዎች ወደ ውሃው ይወርዳሉ። ሴቶቹ መሬት የሚጠርግ ሰፊ ቀሚስ ለብሰዋል፤ ብዙዎቹ ጃንጥላ ይዘዋል። ውሃው ላይ አንድ ጀልባ አለ፣ አንገታቸው የረዘመ ነጫጭ ወፎችም አሉ። ከኋላ ከዛፎቹ መሃል ጭስ ይወጣል። በቀኝ በኩል ታች ጥጉ ላይ ከነቅርፊቱ የቆመ የእንጨት አጥር ይታያል።

አያቴ ጥምቀት ነው ትላለች። ሰዎቹ ታቦት አጅበው ወደ ውሃ እየወረዱ ነው። ጃንጥላው የታቦቱ ነው፣ ጭሱ ዕጣን ነው። ልጅ ሆኜ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጣቷን እየጠቆመች ያሳየችኝ እንዲህ ብላ ነው። አያቴ 84 ዓመቷ ነው።

የትኛው ደሴት ነው? መቼ የተሣለ ነው? የሚያውቅ ካለ በእግዚአብሔር እርዱኝ።

አባይ ማዶ
ደብረ ማርያም ነው የሚሆነው። ለከተማው ቅርብ እሱ ነው። ፈረንጆች የሚሥሉት ደግሞ የቀረባቸውን ነው።

ጀልባ ነጂ
ወንድሜ አባይ ማዶ፣ ደብረ ማርያምማ አይሆንም። ደብረ ማርያም ዝቅ ያለች ደሴት ናት። ገደል የሚባል ነገር የላትም። እኔ ሐይቁ ላይ ጀልባ ስነዳ 14 ዓመቴ ነው፤ ዓይኔን ጨፍኜ የየደሴቱን ቅርጽ እነግርሃለሁ።

ከፍታ ያላት ደጋ እስጢፋኖስ ናት። እሷ ከሩቅም ትለያለች። ግን እሷም ብትሆን ከአናቷ እስከ ውሃው ደን ነው የለበሰችው። እንዲህ ራቁቱን የቆመ ነጭ ገደል የላትም። ድልድይማ በየትኛውም የጣና ደሴት የለም። በጀልባ ካልሆነ በታንኳ ነው የምንሻገረው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጀልባው ላይ ያለው ሰው በምንድን ነው የሚቀዝፈው?

ሽምብጥ ልጅ
በግራና በቀኝ ሁለት መቅዘፊያ አለው። ወደ ኋላ ዞሮ ተቀምጦ የሚስብ ይመስላል። ጀልባው ከሳንቃ የተሠራ ነው።

ጀልባ ነጂ
በቃ፣ የኛ አይደለም። የኛ ታንኳ ከደንገል፣ ከውሃ ዳር ቄጠማ፣ የተሠራ ነው። አፍንጫው ወደ ላይ ቀና ይላል፤ ቀዛፊው ወደሚሄድበት ፊቱን ያዞራል። ጀርባውን ሰጥቶ የሚቀዝፍ የታንኳ ሰው አይቼ አላውቅም።

የዘጌ ዲያቆን
ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛላችሁ። እኔ የማውቀውን ስለ ቤቱ ልናገር።

ክብ በመሆኑ ቤተ ክርስቲያን መምሰሉ አይገርምም። የኛም የዘጌና የደሴቶቹ አብያተ ክርስቲያናት ክብ ናቸው። ከውጭ ቅኔ ማኅሌት፣ ቀጥሎ ቅድስት፣ ከመሃል መቅደሱ ነው። መቅደሱ አራት ማዕዘን ነው። ግድግዳው ላይ ሥዕሎቹ አሉ። ክብራን ገብርኤልን ካየህ ደግሞ ዙሪያውን የድንጋይ ዓምድ አለው። እስከዚህ ድረስ አያትህ እውነት አላቸው።

አንተ ግን ዓምዶቹን ደህና አድርገህ እይልኝ። በዓምድና በዓምድ መሃል ምን ይታያል? ግድግዳ ነው ወይስ ሰማይ?

ጃንጥላውንም እይ። የታቦት ጃንጥላ ዙሪያው ዘርፍ አለው፤ ታቦቱን ከያዘው ካህን በላይ ነው የሚዘረጋው። እዚህ እያንዳንዷ ሴት የራሷን ይዛ ከሆነ የፀሐይ ጃንጥላ ነው። አናቱ ላይ ታቦት የተሸከመ ካህንስ ይታይሃል?

ሽምብጥ ልጅ
አባቴ ዲያቆን፣ በጣም አመሰግናለሁ። በስልኬ አጉልቼ አየሁት። በዓምዶቹ መሃል ሰማዩ ያልፋል። ከኋላ ያለው ደመና መስመር በዓምዶቹ መሃል ሳይቋረጥ ይቀጥላል። ቤቱ ውስጡ ባዶ ነው። ሁለት ሰዎች ውስጡ ቆመው ወደ ታች እየተመለከቱ ነው። በራሱ ላይ ምንም የተሸከመ ሰው የለም።

ይሄን ሳይ ልቤ ዝቅ አለ። 30 ዓመት ሙሉ ያየሁት ሥዕል ነው።

የዘጌ ዲያቆን
ግድግዳ ከሌለው መቅደስ የለውም። መቅደስ ከሌለው ታቦት የሚያድርበት ቦታ የለም። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን አይደለም። ልብህ ግን አይዘን። አያትህ ያዩት የሚያውቁትን ነው።

ቆራጣ
ከታሪክ አንጻር አንድ ነገር ልጨምር። የሥዕሉ ዓይነት የ19ኛው መቶ ዘመን ነው። በዚያ ዘመን ስለ አገራችን በአውሮፓ ጋዜጦች ብዙ የታተመው በመቅደላ ዘመቻ ጊዜ ነው። መጀመሪያ የጠረጠርኩት እሱን ነበር። የእንግሊዝ ጦር ግን ከቀይ ባሕር ተነሥቶ በትግራይና በላስታ አድርጎ መቅደላ ገባ፤ በመጣበትም ተመለሰ። ጣናን አልረገጠም።

ጣና የመጣው የእንግሊዝ መልክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1866 በሐይቁ ዳር ባለችው ቆራጣ ተቀምጧል፤ አፄ ቴዎድሮስም ዘጌ ላይ ሰፍረው ነበር። እነ ራሳም ያኔ ሐይቁን የተሻገሩት በታንኳ ነው። ያንን ያየ ሰው ጣናን ሲሥል ደንገሉን አይረሳም። ስለዚህ እኔም ከጀልባ ነጂው ጋር ነኝ።

ክሊሼ
እኔ ጡረታ የወጣሁ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ሁላችሁም ሥዕሉ ውስጥ ያለውን እያያችሁ ነው፤ ደግ ነው። እስቲ አሁን ደግሞ ወረቀቱን እንየው። ወረቀት አይዋሽም።

የተቀረጸ ሥዕል ሁለት ትልልቅ ዓይነት አለው። አንደኛው በመዳብ ወይም በብረት ሳህን ላይ የሚቀረጽ ነው። ቀራጩ መስመሩን ሳህኑ ውስጥ ይቆፍራል። ቀለሙ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል፣ ከላይ ያለው ይጠረጋል። ከዚያ እርጥብ ወረቀት ተደርጎበት በትልቅ ኃይል ይጨመቃል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ የሳህኑ ጠርዝ ተጎድጉዶ ይቀራል፤ በሥዕሉ ዙሪያ አራት ማዕዘን ሆኖ በጣት ይዳሰሳል። ቀለሙም ከወረቀቱ ትንሽ ከፍ ይላል።

ሁለተኛው በእንጨት ላይ የሚቀረጽ ነው። እዚህ ነገሩ ይገለበጣል። ቀራጩ የሚቆፍረው ነጭ እንዲሆን የሚፈልገውን ነው። ሳይነካ የቀረው ከፍ ብሎ ቀለም ይቀበላል። ልክ እንደ ማኅተም ማለት ነው። የጋዜጣና የመጽሔት ሥዕል ሁሉ በዚህ ይሠራ ነበር፤ ምክንያቱም እንጨቱ ከእርሳሱ ፊደል ጋር አብሮ ተደርድሮ በአንድ ጊዜ ይታተማል። መዳብ ከፊደል ጋር አብሮ አይታተምም።

የሚመረጠው ቦክስውድ የሚባል በጣም ጠንካራ እንጨት ነው። ዛፉ ትንሽ ነው። የሚቀረጸውም ግንዱ እንደ ስጋ መክተፊያ በአግድም ተቆርጦ በተገኘው ፊት ላይ ነው፤ አንዱ ቁራጭ ከእጅ መዳፍ ብዙም አይበልጥም። ለትልቅ ሥዕል ብዙ ቁራጭ ተገጣጥሞ በቡሎን ይታሰራል። ሥዕሉ እላዩ ላይ ከተነደፈ በኋላ ቡሎኑ ተፈትቶ ቁራጮቹ ለየቀራጩ ይከፋፈላሉ። አንዱ ሰማይ ይሠራል፣ አንዱ ዛፍ፣ አንዱ ሰው። ሌሊቱን ሠርተው ጠዋት መልሰው ይገጥሙታል። መገጣጠሚያው ግን አንዳንዴ ይከዳል። በህትመቱ ላይ ቀጥ ያለ የፀጉር ያህል ቀጭን ነጭ መስመር ይተዋል፤ በተለይ ሰማዩ ላይ።

ልጄ፣ እንግዲህ እንዲህ አድርግልኝ። ክፈፉን ቀስ ብለህ ክፈት፤ ወረቀቱን በእርጥብ እጅ አትንካው። መብራት አጥፋና የስልክህን ባትሪ በጎን አብራበት። ዙሪያውን የተጎደጎደ ጠርዝ አለ? ሰማዩ ላይ ነጭ መስመር አለ? ጀርባው ላይ ጽሑፍ አለ? ክፈፉ የሸፈነው ጠርዝ ላይስ?

ሽምብጥ ልጅ
ጋሼ፣ እንዳሉኝ አደረግሁ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

የተጎደጎደ ጠርዝ የለም። ወረቀቱ ለስላሳ ነው። ሰማዩ ላይ ሁለት ነጭ መስመሮች አሉ፤ አንዱ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ አንዱ አግድም ይሄዳል። የሚገናኙት ልክ የክቡ ቤት ጉልላት አጠገብ ነው። ባትሪውን በጎን ሳበራበት ወለል ብለው ታዩኝ። ከመስመሩ በግራ ያለው ደመና በሰፊ መስመር ነው የተሠራው፣ በቀኝ ያለው በጠባብ። የሁለት ሰው እጅ ነው ጋሼ! አንደኛው እጁ ይከብዳል።

ጀርባው ሙሉ ጽሑፍ ነው፤ በላቲን ፊደል፣ በሦስት ዓምድ። እንግሊዝኛ አይደለም። የታችኛው ጠርዝ ክፈፉ ውስጥ ታጥፎ ነበር። ስዘረጋው ስም ወጣ። ፎቶውን አያይዣለሁ።

ክሊሼ
ተባረክ! እንግዲያው ከመጽሔት የተቀደደ ገጽ ነው። የእንጨት ቅርጽ ነው። የሁለቱን እጅ መለየትህ ደግሞ በጣም ደስ ብሎኛል። እኔ ማተሚያ ቤት ስገባ የክሊሼ ሥራ ያስተማረኝ ሽማግሌ መጀመሪያ ያሳየኝ እሱን ነበር።

ጎንደር ፒያሳ
ፎቶውን አየሁት። ጣልያንኛ ነው፤ እኔ ትንሽ እችላለሁ። ጀርባው የተከታታይ ልቦለድ ቁራጭ ነው፣ ከሥዕሉ ጋር አይገናኝም። የሥዕሉ ስም ግን «ፓሪጂ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ፓሪስ ማለት ነው። ቀጥሎ «ቡት ሾሞን» የሚል የፈረንሳይኛ ስም አለ። የቦታ ስም ይመስለኛል።

ወንድሜ፣ ፓሪስ ውስጥ ያለ ቦታ ነው እንግዲህ።

ፓሪስ 19ኛ
አላመንኩም! እኔ የምኖረው ፓሪስ ነው፣ 19ኛው ወረዳ። ቡት ሾሞን ከቤቴ በእግር 10 ደቂቃ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቼን የማጫውተው እዚያ ነው። የባሕር ዳር ልጅ ነኝ ደግሞ። መጀመሪያ የጻፍከውን ሳነብ ጠርጥሬ ነበር፤ ግን ስሙ እስኪወጣ ዝም አልኩ።

ስለ ቦታው ልንገርህ። ወደ 25 ሔክታር የሚሆን የሕዝብ መናፈሻ ነው። ድሮ የጄሶ ድንጋይ የሚወጣበት ካባ ነበር። የፓሪስ ጄሶ የሚባለው ከእንዲህ ዓይነት ቦታ ነው የወጣው። ድንጋዩ ተቆፍሮ ካለቀ በኋላ ቆሻሻ መጣያ ሆነ። በናፖሊዮን ሦስተኛ ዘመን ከተማዋ ስትታደስ አልፋንድ የሚባል መሐንዲስ መናፈሻ አደረገው። የተከፈተው ሚያዝያ 1 ቀን 1867 ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ማለቴ ነው። የዓለም ኤግዚቢሽን የተከፈተበት ቀን ነው።

ገደሉ የካባው ትርፍ ነው። በፈንጂና በሲሚንቶ ቅርጽ ሰጡት። ሐይቁም ሰው ሠራሽ ነው፤ ውሃው ከቦይ በፓምፕ ነው የሚመጣው። ስፋቱ አንድ ሔክታር ተኩል ያህል ነው። የኛ ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ አስበው። ግን ፀጥ ባለ ጠዋት ዳሩ ላይ ቁጭ ስል ሁልጊዜ ባሕር ዳር ትዝ ትለኛለች። የማስመስለው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ክቡ ቤት የሲቢል ቤተ መቅደስ ይባላል። ጣልያን ውስጥ ቲቮሊ በሚባል ቦታ ያለ የጥንት የሮማ ቤተ መቅደስ አለ፤ የሱ ቅጂ ነው። የሠራው አርክቴክት ዳቪዩ ይባላል። ግድግዳ የለውም፣ ዲያቆኑ እንዳሉት። ሰው የሚወጣው ከተማውን ለማየት ነው። ድልድዩ በብረት ገመድ የተንጠለጠለ ነው፣ 63 ሜትር ይረዝማል። ልጆቼ መሃሉ ላይ ሲደርሱ ይዘላሉ፤ ይወዛወዛል።

ጭሱ ባቡር ይመስለኛል። ከተማዋን የሚዞር የባቡር መስመር መናፈሻው ውስጥ ያልፋል። ያኔ በእንፋሎት ነበር የሚሄደው። ከ1934 ወዲህ ሰው አይጭንም፤ ሀዲዱ ግን እስከ ዛሬ አለ።

አጥሩን ደግሞ ስማ። እንጨት አይደለም። ሲሚንቶ ነው! ቅርንጫፍ አስመስለው፣ ቅርፊቱን፣ ጉጡን፣ የተቆረጠበትን ቦታ ሳይቀር በእጅ ቀርጸው ነው የሠሩት። እኔ ራሴ መጀመሪያ ቀን በእጄ ስነካው ነው ቀዝቃዛ መሆኑን ያወቅሁት።

ሽምብጥ ልጅ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አጥሩን አያቴ የዋንዛ ነው ትላለች። ጉጡን እየቆጠረች ነው ቁጥር ያስተማረችኝ። ሰባት ጉጥ አለው።

ልብስ ሰፊዋ
እኔ ስለ ቀሚሱ ልናገር፤ ሙያዬ ስለሆነ ነው። የለጠፍከውን ፎቶ አጉልቼ አየሁት። ፊት ለፊት ያለችው ሴት ቀሚስ ከፊት ጠፍጣፋ ነው። ጨርቁ ሁሉ ወደ ኋላ ተሰብስቦ ወገቧ ላይ ተቆልሏል። ከዚያ በፊት በ1850ዎቹና በ60ዎቹ የነበረው ፋሽን ዙሪያውን እንደ ደወል የሚነፋ ነበር፤ ከሥሩ የብረት ቀለበት ነበረበት። ወደ ኋላ የተሰበሰበው የ1870ዎቹ ነው። መናፈሻው በ1867 ከተከፈተ፣ ሥዕሉ ከዚያ ጥቂት ዓመት በኋላ የተሠራ ነው።

ከኋላ የቆመችው አሮጊት ግን የድሮውን ደወል ነው የለበሰችው። ሠዓሊው በደንብ አይቷል። እናቶች የወጣትነታቸውን ፋሽን ቶሎ አይተዉም፤ እኔም ደንበኞቼ ላይ የማየው ነው።

ቆራጣ
እህቴ፣ ግሩም ነው። ሚያዝያ 1867 ማለት አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሊሞቱ አንድ ዓመት ሲቀራቸው ነው። እነ ራሳም መቅደላ ታስረው ነበር። ፓሪስ ያን ቀን ይሄን መናፈሻ ከፈተች።

የሚገርመኝ ግን የጣልያን መጽሔት የፓሪስ ሥዕል ከየት አመጣ?

ክሊሼ
ይገዙት ነበር። ከእንጨቱ ላይ በብረት ቅጂ ይወጣል። እሱን እኛ ክሊሼ እንለዋለን። አንዱ መጽሔት ሥዕሉን ካተመ በኋላ ክሊሼውን ለሌላ አገር መጽሔት ይሸጣል። ያኛው ከሥሩ ያለውን ስም በራሱ ቋንቋ ይቀይራል። ያንኑ ሥዕል በአራትና በአምስት ቋንቋ ልታገኘው ትችላለህ።

አባይ ማዶ
እሺ፣ ተሳስቻለሁ። ግን ባሕር ዳር እንዴት መጣ?

ሽምብጥ ልጅ
ትናንት ማታ አያቴን ጠየቅኋት። የአያቴ ባል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሲገነባ ግንበኛ ነበር። ጣልያን መሐንዲሶች ነበሩ። አንዱ አገሩ ሲመለስ ዕቃውን ሲጠርግ መጣል የፈለገውን ሰጠው፤ አንድ መጋዝ፣ አንድ የሱፍ ካፖርት፣ ይሄ ሥዕል። መጋዙ እስከ ዛሬ ይሠራል። አያቴ ያኔ አዲስ ሙሽራ ነበረች። ባሏ ሥዕሉን ይዞ ሲገባ «ይሄ ምንድን ነው?» አለችው። እሱም «እኔ እንጃ፣ ውሃ ዳር ነው» አላት። ከዚያ ወዲህ ያለውን ታሪክ የሠራችው ራሷ ናት።

አሁን ጭንቀቴ ሌላ ነው። ልንገራት ወይስ ልተወው? 60 ዓመት ያመነችበት ነገር ነው።

ልብስ ሰፊዋ
እኔ ብሆን አልነግራትም። ምን ያደርግላታል?

ጎንደር ፒያሳ
እኔ ግን ንገራት ባይ ነኝ። አስተዋይ ሴት ናቸው፤ ጉጥ የቆጠሩ ናቸው። እኛ ሁላችን እዚህ የምናውቀውን እሳቸው ብቻ ሳያውቁት ቢቀር ነውር ነው።

የዘጌ ዲያቆን
በሃይማኖት በኩል ካሰብከው አትጨነቅ። ሥዕለ አድኅኖ አይደለም። እሳቸውም አልተሳለሙትም፣ አልሰገዱለትም፤ ዓይተው ጥምቀትን አስታወሱበት እንጂ። ንገራቸው። ግን ሰው በሌለበት፣ ቡና ላይ፣ ቀስ ብለህ።

ሽምብጥ ልጅ
ነገርኳት። ዛሬ ጠዋት ሦስተኛው ላይ፣ በረካው ሲቀዳ።

ሥዕሉን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩት። ሁሉንም ነገርኳት። ዓምዶቹን፣ መገጣጠሚያውን መስመር፣ የሁለቱን ሰው እጅ፣ ባቡሩን። ዝም ብላ ሰማችኝ። አጥሩ ሲሚንቶ ነው ስላት ብቻ «ውሸትህን ነው» አለች። ፓሪስ ያለው ወንድማችን የላከልኝን ፎቶ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ረጅም ጊዜ አየችው። በጣቷ ጉጡን ነካችው።

ከዚያ «ቤቱ ታቦት የለውማ?» አለችኝ። የለውም አልኳት።
«ታዲያ ሰዎቹ ምን ፍለጋ ይወጣሉ?»
«ለማየት ነው እማማ። ነፋስ ለመቀበል።»
«ለማየት ብቻ?»
«አዎ።»

ትንሽ አሰበችና ሲኒዋን አስቀመጠች። «እኔ ይሄን ሐይቅ እዚሁ ሆኜ ካየሁት ስንት ዘመኔ ነው? ጉልበቴን ካመመኝ ወዲህ እኮ ዳሩን አልረገጥኩም። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ውሰደኝ። እኔም ልይ» አለችኝ።

ሥዕሉን መልሰን ሰቅለነዋል፤ የታጠፈውን የስሙን ጠርዝ አውጥተን።

ክሊሼ
ከመስኮት ትይዩ እንዳትሰቅለው ልጄ፤ ፀሐይ ያጠፋዋል። መስታወቱ ወረቀቱን በቀጥታ እንዳይነካው ደግሞ በጠርዙ ቀጭን ካርቶን አድርግበት። የባሕር ዳር አየር እርጥብ ነው፤ ይጣበቃል።

ጀልባ ነጂ
እሁድ ወደቡ ጋ እጠብቃችኋለሁ። መውረጃው ላይ ከፍ አድርገን እናሳፍራቸዋለን፤ ጉልበታቸው አያስቸግርም። ክብራን ለሴት አይፈቀድም። ከጎኑ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ግን ይገባሉ። ትራስ ይዘህ ና፤ መቀመጫው ጣውላ ነው።